ያለ አፈር አትክልት በቤት ማልማት፦ ስለ ሃይድሮፖኒክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች የተዘጋጁት በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች በኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ በሰገነት ወይም በጠባብ ግቢ ሰላጣ፣ ቆስጣና በሶብላ ለራሳቸው ማዕድ ማልማት ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ነው። ለገበያ ማምረት ሌላ ስሌትና ሌላ ካፒታል የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ሃይድሮፖኒክስ ምንድን ነው? አፈር ከሌለ ተክሉ በምን ይኖራል?

አፈር ለተክል የሚሰጠው አራት ነገር ነው፦ ውኃ፣ በውኃ የሚሟሙ ማዕድናት፣ ለሥሩ የሚሆን አየር እና መቆሚያ። እነዚህን አራቱን በሌላ መንገድ ማቅረብ ከተቻለ ተክሉ ያለ አፈር ያድጋል፤ ሃይድሮፖኒክስ የሚባለውም ይኸው ነው። ማዕድናቱን ውኃ ውስጥ አሟሙተን እንሰጣለን፤ መቆሚያውን በስፖንጅ፣ በጠጠር ወይም ባለ ቀዳዳ ኩባያ እናበጃለን። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አየሩን ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ሲያጣም ምንም ያህል ማዳበሪያ ቢጨመርለት ይበሰብሳል። ከዚህ በኋላ የሚነሱት አብዛኞቹ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ወደዚህ ነጥብ የሚመለሱ ናቸው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ፍሬድሪክ ጌሪክ ሲሆኑ፣ እስከ ዛሬ ለማዳበሪያ ውኃ ቅመራ መነሻ የሆነውን ቀመር ያወጡትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርኖን ናቸው። በአገራችንም አንዳንድ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳን የሚያለሙት በአፈር ላይ ሳይሆን፣ ግንበኞች ሬድ አሽ በሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ከኮኮናት ቅርፊት በሚዘጋጅ መደብ ላይ የማዳበሪያ ውኃ በጠብታ እያጠጡ ነው።

ብዙ ዓይነት ዘዴዎች አሉ ይባላል። የትኛውን ልጀምር?

በቪዲዮዎች ላይ በብዛት የሚታየው፣ ውኃ በነጭ የፒቪሲ ቧንቧዎች ውስጥ በስሱ እየፈሰሰ የሚዞርበት ኤንኤፍቲ የተባለው ዘዴ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ብዙ ተክልም በጠባብ ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ሕይወቱ በፓምፕ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ስለሆነ፣ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥሮቹ ይደርቃሉ፤ ፀሐያማ ቀን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። መብራት መቼ እንደሚጠፋና መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ቤት ይህን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው፣ ሥሩ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ አየር በትንሽ የአኳሪየም ፓምፕ የሚነፋበት ዘዴ ነው። መብራት ሲጠፋ ከመጀመሪያው የተሻለ ይታገሣል፤ ሆኖም ለረጅም ሰዓት ከቆየ እሱም ይጎዳል።

ሦስተኛውና ለጀማሪ የምመክረው፣ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በነበሩት በበርናርድ ክራትኪ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው። ፓምፕ የለውም፤ መብራት አይፈልግም፤ የሚንቀሳቀስ ነገርም የለበትም። አንድ የተከደነ ዕቃ በማዳበሪያ ውኃ ይሞላል፤ ችግኙ በክዳኑ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል፤ ተክሉ ውኃውን እየጠጣ ሲያጎድለው ከክዳኑ በታች እርጥብ አየር ያለበት ክፍተት ይፈጠራል። በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚቀሩት ሥሮች አየር የሚወስዱ ይሆናሉ፤ ከታች ያሉት ደግሞ ውኃና ማዕድን ይስባሉ። ከተከላ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ክዳኑን ከፍ አድርገው ቢመለከቱ ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል፦ የላይኞቹ ሥሮች አጫጭር፣ ነጫጭና እንደ ጥጥ ፀጉር ያወጡ ሲሆኑ፣ የታችኞቹ ረጃጅምና ለስላሳ ናቸው።

በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ እንዴት ልሥራው?

ባለ 20 ሊትር ክዳን ያለው ባልዲ በቂ ነው። ከታች በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ወይም 5 ቁጥር ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ እነዚህ ለምግብ ማስቀመጫነት የሚውሉ የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው። የፀረ ተባይ፣ የዘይት ቀለም ወይም የቤንዚን ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይጠቀሙ። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ ሊያገለግል ይችላል፤ ቅባቱ በሙቅ ውኃና በሳሙና በደንብ መልቀቅ አለበት።

ባልዲው ብርሃን የሚያስተላልፍ ከሆነ ከውጭ በጥቁር ፕላስቲክ ይሸፈን፤ ከዚያም በላዩ ነጭ ጨርቅ ወይም አሉሚኒየም ፎይል ይደረግ። ጥቁሩ ብርሃን ይከለክላል፤ ነጩ ሙቀት ይመልሳል። ብርሃን የገባበት የማዳበሪያ ውኃ በጥቂት ቀናት ውስጥ አልጌ አብቅሎ አረንጓዴ ይሆናል፤ አልጌው ማዳበሪያውን ይሻማል፤ ሲሞትም ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

በክዳኑ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሦስት ቀዳዳዎች ያብጁ። ሰላጣ በመካከሉ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ ከሦስት በላይ መትከል ቅጠሎቹ እንዲተፋፈጉ ያደርጋል። ለኩባያነት ታችና ጎኑ በጋለ ምስማር የተበሳ የእርጎ ኩባያ ይሆናል።

ዘሩን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የስፖንጅ ቁራጭ ላይ በትንሹ ሰንጥቀው ያስቀምጡ፤ ስፖንጁም ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚወድ በጥልቀት አይቀበር፤ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትም ለመብቀል ያስቸግራል። እንደበቀለ ወዲያውኑ ብርሃን ወዳለበት ቦታ መውጣት አለበት። መስኮት አጠገብ በደብዛዛ ብርሃን የቆየ ችግኝ ግንዱ ቀጥኖ ይረዝማል፤ አንዴ ከቀጠነም አይጠነክርም። ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣና ሥሩ ከስፖንጁ በታች ሲታይ ከነስፖንጁ ወደ ኩባያው ይዛወር።

ባልዲው ሲሞላ ውኃው የኩባያውን ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይንካ። ከዚያ በኋላ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ የጎደለውን ውኃ እስከ አፉ መልሰው አይሙሉ። አየር ለመውሰድ የለመዱት ሥሮች ድንገት ሲሰጥሙ ተክሉ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ውኃ አንሶት መስሎት ሌላ ይጨምርበታል። አንድ የሰላጣ ተክል ከተከላ እስከ አጨዳ 4 ሊትር ገደማ ስለሚበቃው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ለሦስት ተክል ያለ ጭማሪ ያደርሳል። በበጋው ደረቅ አየር ከጎደለ፣ ቢያንስ ግማሹ ሥር ከውኃ በላይ እንደቀረ ሆኖ ጥቂት ይጨመራል።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። አብዛኞቹ መመሪያዎች የተጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ይህን ነጥብ አያነሱትም። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በሩብ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ያው ውኃ የሚይዘው ከ7 ሚሊ ግራም በታች ይሆናል። በመሆኑም ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ያለ ችግር የሚያሳድገው ሥሩ ሙሉ በሙሉ የተነከረ ተክል እዚህ ቶሎ ሊታፈን ይችላል። የሚያካክሰው ቅዝቃዜው ነው፤ ውኃ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይጨምራል። ስለዚህ ባልዲውን ከቀትር ፀሐይ መከለል፣ ቅጠሉ ፀሐይ ቢያገኝም ውኃው ጥላ ውስጥ እንዲሆን ማድረግና የአየር ክፍተቱን ማክበር በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በጎንደር ከየትኛውም ቦታ በላይ ይጠቅማል። ለውኃው የሚመቸው ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከዚህ በጣም ሊወርድ ይችላል፤ ተክሉ ግን ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ አይሞትም። አጨዳው ቢዘገይ አይደናገጡ።

የቧንቧ ውኃ ይሆናል ወይስ የታሸገ ውኃ ልግዛ?

የታሸገ ውኃ መግዛት አያስፈልግም። የቧንቧ ውኃ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ተቀድቶ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ቢያድር አብዛኛው ክሎሪን ይለቅቃል። ነገር ግን ውኃዎ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ በአብዛኛው ለስላሳ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውኃ የበለጠ ማዕድን፣ በተለይም ባይካርቦኔት፣ ይይዛል። በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ንጣፍ ቶሎ የሚሠራ ውኃ ባይካርቦኔት የበዛበት መሆኑን መገመት ይቻላል። እንዲህ ያለ ውኃ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኬቱን) ዛሬ ቢያስተካክሉት ነገ መልሶ ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚገኙ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ሶዲየምና ፍሎራይድም ስለሚበዛባቸው ከተቻለ ከዝናብ ውኃ ጋር ማደባለቅ ይሻላል።

የዝናብ ውኃ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ሲያጠራቅሙ ግን የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራ፣ የወፍ ኩስና ከቆርቆሮው የሚለቀቅ ዚንክ ይዘው ስለሚወርዱ እነሱን ያፍስሱ።

ገበሬው የሚጠቀምበትን ዩሪያና ኤንፒኤስ ባሟሟስ? ፍግስ?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ በቀላሉ የሚገኙና ዋጋቸውም የሚቀመስ ነው። መልሱ ግን አይሆንም ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢይዝም፣ ሥር በብዛት ወደሚወስደው መልክ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አዲስ ባልዲ ውስጥ ደግሞ እነዚህ በበቂ ቁጥር የሉም። ኤንፒኤስ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ብቻ የያዘ፣ ፖታሲየምም ካልሲየምም የሌለበት፣ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የማያልቅ እንክብል ነው። አፈር የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ ባልዲ ውስጥ ያለ ውኃ ግን ካልሰጡት በቀር ምንም የለውም። ሃይድሮፖኒክስ ውስጥ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ድኝ፣ በተጨማሪም በጥቂቱ የሚፈለጉት ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቦሮንና ሞሊብዲነም ሁሉም መኖር አለባቸው፤ አንዱ ቢጎድል የሌላው መብዛት አያካክሰውም።

ፍግ በውኃ ዘፍዝፎ ማጠጣት ለአፈር እርሻ የታወቀ ጥቅም አለው። በተዘጋ ባልዲ ውስጥ ግን መበስበሱን ይቀጥላል፤ ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣም የአንጀት ተውሳክ ያመጣል። እባክዎ አያድርጉት።

የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ካልሲየም ናይትሬት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ እና ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን አብሮ የያዘ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ የሃይድሮፖኒክስ ማዳበሪያ፤ ለምሳሌ በከረጢቱ ላይ 4-18-38 የሚል ቁጥር ያለው። የአበባና የአትክልት እርሻዎች ስለሚጠቀሙባቸው የግብርና ግብዓት አስመጪዎች ዘንድ ይገኛሉ። ካልሲየም ናይትሬት በ25 ኪሎ ከረጢት ስለሚመጣ ለአንድ ቤተሰብ ከመጠን በላይ ነው፤ ጎረቤታሞች ተባብረው ገዝተው ቢካፈሉት ይሻላል። እርጥበት ከአየር ስለሚስብ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ።

እንዴት ልቀምመው? መጠኑስ?

ለሰላጣና ለሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች በ10 ሊትር ውኃ 5 ግራም ካልሲየም ናይትሬት፣ 5 ግራም 4-18-38 እና 2.5 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ይበቃል። የወጥ ቤት ሚዛን እንዲህ ያለ ትንሽ መጠን በትክክል ስለማይለካ ሁለት ጠርሙስ ማዘጋጀት ይቀላል። በአንደኛው 100 ግራም ካልሲየም ናይትሬት ተሟሙቶ በውኃ አንድ ሊትር ይሙላ። በሁለተኛው 100 ግራም 4-18-38 ከ50 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ጋር ተሟሙቶ እንዲሁ አንድ ሊትር ይሙላ። ከዚያ በኋላ ለ10 ሊትር ውኃ ከእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ እየለኩ መጨመር ነው።

ሁለቱ ጠርሙሶች ወፍራም እንደሆኑ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ጥቂት አድርገው ቢቀላቅሏቸው ጥርት ያለው ፈሳሽ ወዲያው ወተት ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶም ነጭ ዝቃጭ ከታች ይቀመጣል። ይህ ዝቃጭ ካልሲየሙ ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ የሠራው፣ ሥር ሊወስደው የማይችል ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባልዲው በውኃ ይሞላ፤ አንደኛው ይጨመርና በደንብ ይማሰል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይጨመር። ጠርሙሶቹ ስማቸው በግልጽ ተጽፎባቸው ከብርሃንና ከልጆች ርቀው ይቀመጡ፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ የሚጠጣ ውኃ ስለሚያስመስለው አደገኛ ነው።

የፒኤችና የኢሲ መለኪያ ግድ ነው?

ለመጀመሪያው ባልዲ ግድ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ግን የፒኤች መለኪያ ይግዙ። ሥር ማዕድናትን እንደ ልብ የሚወስደው ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን ነው። ከ7 በላይ ሲወጣ ብረት ውኃው ውስጥ እያለ ለተክሉ የማይደርስ ይሆናል። ዲጂታል መለኪያ በ4 እና በ7 መመዘኛ ፈሳሽ በየጊዜው ካልተስተካከለ የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ መመዘኛውን የማይገዛ ሰው ለአኳሪየም የሚሸጠውን በጠብታ ቀለም የሚለውጥ መመርመሪያ ቢጠቀም ይበልጥ ያምነዋል።

ፒኤቹን ለማውረድ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ለጊዜው ይሠራል፤ ባክቴሪያዎች ስለሚበሉት ግን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይመለሳል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ፎስፎሪክ አሲድ በጠብታ ሲጨመር ውጤቱ ይቆያል። አሲዱ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያም ያስፈልጋል። የመኪና ባትሪ አሲድ በእርሳስ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል ምግብ በሚበቅልበት ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም።

ኢሲ የተሟሟውን ማዕድን ብዛት የሚያሳይ ልኬት ሲሆን ለሰላጣ ከ1 እስከ 1.6፣ ለቲማቲም ከ2 እስከ 3 ገደማ (በሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር) ይመከራል። በበጋ ተክሉ ከማዕድኑ ይልቅ ውኃውን አብልጦ ስለሚጠጣ የቀረው እየወፈረ ይሄዳል፤ የቅጠል ጫፍ መቃጠል ሲታይ በባዶ ውኃ ማቅጠን ነው።

ምን ምን ይበቅላል?

ሰላጣ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን። ቆስጣ፣ ስፒናች፣ ናና፣ በሶብላና ድንብላል ለቅጠሉ ጥሩ ይሆናሉ። ናናና በሶብላ ከዘር ይልቅ በቁራጭ ይፈጥናሉ፤ ከአንጓ በታች የተቆረጠ ቀንበጥ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሥር ካወጣ በኋላ ይዛወራል። የጉራጌ ጎመንና የሐበሻ ጎመንም ይበቅላሉ፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ የሚቆዩና ብዙ ውኃ የሚጠጡ ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው ሰፊ ባልዲ ያስፈልጋል። ቲማቲምና ቃሪያ ድጋፍ፣ ጠንካራ ፀሐይና ክትትል ስለሚፈልጉ ሰላጣውን በደንብ ካወቁ በኋላ ይሞከሩ። ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር በዚህ ባልዲ አይሆኑም። ጤና አዳም ደረቅ ቦታ የሚወድ ስለሆነ በአፈር ማሰሮ ቢቀር ይመረጣል።

በረንዳዬ ፀሐይ የሚያገኘው ለጥቂት ሰዓት ነው። ይበቃል? ክረምትስ?

ለቅጠላ ቅጠል በቀን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ጥሩ ነው፤ አራት ሰዓትም ቢሆን በዝግታ ያደርሳል። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይለይም፤ የሚለወጠው ደመናው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዕድገቱ በግልጽ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የዝናብ ውኃ በክዳኑ ቀዳዳ ገብቶ ባልዲውን እንዳይሞላውና ማዳበሪያውን እንዳያቀጥነው ከላይ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ መዘርጋት ያስፈልጋል። ደካማ ብርሃን የሚያገኝ ሰላጣ በቅጠሉ ናይትሬት ስለሚያጠራቅም፣ በክረምት የሚታጨደው በጠዋት ሳይሆን ቅጠሉ ብርሃን ካገኘ በኋላ ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ አያመጣም?

ክፍት ከሆነ ያመጣል፤ ይህንንም አቅልሎ ማየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ከሌሎቹ በተለየ በከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች መራባት የምትችል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ ታውቋል። የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝም በቤት ዕቃ ውስጥ በቆመ ውኃ ትራባለች። በቆላና በወይና ደጋ ከተሞች የሚኖር ሰው እያንዳንዱን ቀዳዳ፣ በኩባያውና በክዳኑ መካከል ያለውን ስንጥቅ ጭምር፣ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ጨርቅ መድፈን አለበት። ተክል ያልተቀመጠበት ቀዳዳ ክፍት አይተው። ባልዲው በሥራ ላይ ካልሆነ ተደፍቶ፣ ደርቆና ተገልብጦ ይቀመጥ።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፤ ምን ሆኖ ነው?

መጀመሪያ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ይመልከቱ። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሷል፤ ማዳበሪያው ቀጥኗል ማለት ነው። አዲሶቹ የላይኛ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው በቅጠሉ ላይ የተዘረጉት ጅማቶች አረንጓዴ ከቀሩ ብረት አልደረሰውም፤ ይህ በአብዛኛው የሚመጣው ከፍ ካለ ፒኤች ስለሆነ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ፒኤቹ ይለካ። የመካከለኞቹ ለጋ ቅጠሎች ጫፋቸው ከጠቆረ፣ ማዕድኑ ውኃው ውስጥ ቢኖርም ካልሲየም ወደ ጫፉ አልደረሰም፤ አየር እንዲዘዋወርበት ማድረግ ይረዳል።

ቅጠሉ በፀሐይ ሰዓት ጠውልጎ ባልዲው ውስጥ ግን ውኃ ሞልቶ ከሆነ ሥሩን አውጥተው ይዩት። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ክሬም ሆኖ ሽታ የለውም። ቡናማ፣ የሚያሟልጭና የሚሸት ከሆነ ፒቲየም በሚባል ተሕዋስ በስብሷል፤ መነሻውም የኦክስጅን እጥረት ወይም የውኃው መሞቅ ነው። እንዲህ የሆነውን ተክል ለማዳን ከመድከም ይልቅ ማስወገድ፣ ባልዲውን በበረኪና አጥቦ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና እንደገና መጀመር ይሻላል።

ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ያለ አፈርም ይመጣሉ። የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በየጊዜው እያዩ ገና ጥቂት ሳሉ በቀጭን የሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል።

በዚህ መንገድ የበቀለ አትክልት ለጤና ከገበያው ይሻላል?

የአቃቂ ወንዝ ገባሮች የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ስለሚቀበሉ፣ በዚያ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶችና ጎጂ ተሕዋስያን እንደሚገኙ የተለያዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ብዙ ቤተሰቦች ወደዚህ ሥራ የሚገቡትም ለልጆቻቸው የሚሰጡት ሰላጣ በምን ውኃ እንደበቀለ ለማወቅ ሲሉ ነው፤ ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። ነገር ግን ንጽሕናው የሚመጣው ከዘዴው ሳይሆን ከሠሪው እጅ ነው። ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ ባልዲ፣ የታጠበ እጅ ያስፈልጋል፤ የታጨደውም እንደማንኛውም ጥሬ አትክልት ይታጠባል። በንጥረ ምግብ ይዘቱ በአፈር ላይ በደንብ ከበቀለው ይበልጣል የሚባለውን ግን አልደግፍም።

በውጭ አገር እኖራለሁ። በሶብላና ጎመን በክረምት ማብቀል እችላለሁ?

ይቻላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ክረምት የመስኮት ብርሃን ስለማይበቃ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከተክሉ በላይ በቅርብ ተሰቅሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበራ፤ በሶብላ ቅዝቃዜ ስለማይወድ ከቀዝቃዛው መስኮት ይራቅ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግሩ ተቃራኒ ነው። በሰገነት ታንከር ውስጥ የሚሞቀው ውኃ ብዙ ኦክስጅን ስለማይዝ ሥር ያበሰብሳል፤ ስለሆነም ባልዲው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ዘር ከአገር ቤት ይዘው ለመሄድ ካሰቡ፣ የሚሄዱበት አገር የዕፀዋት ኳራንቲን ሕግ የጤና ማረጋገጫ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

አጨዳ ሲያልቅ የቀረውን ውኃ ምን ላድርገው?

የውጭ ቅጠሎችን እየቀጠፉ ከአንድ ሰላጣ ለሳምንታት መመገብ ይቻላል። ተክሉ ግንድ አውጥቶ መርዘም ሲጀምር ግን ቅጠሉ ይመራል፤ ያን ጊዜ ይነቀላል። በባልዲው ግርጌ የቀረው ውኃ ማዕድኑ ያልተመጣጠነ ስለሆነ ለቀጣዩ ችግኝ አይሆንም፤ በእጥፍ ንጹሕ ውኃ ቀጥኖ ለአበባ፣ ለግቢ ዛፍ ወይም በአፈር ላይ ላለ ጎመን ማጠጫ ይዋል። ናይትሬቱና ፎስፌቱ ወንዝ ውስጥ አልጌ ስለሚያበቅል ወደ ጎርፍ መውረጃ አይደፋ። ባልዲው፣ ክዳኑና ኩባያዎቹ በሳሙና ታጥበው፣ በቀጭን በረኪና ተለቅልቀው ፀሐይ ላይ ከደረቁ በኋላ ለሁለተኛው ተከላ ዝግጁ ናቸው። የሁለተኛው ችግኝ ዘር በስፖንጅ ላይ የሚዘራው ከአጨዳው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከሆነ፣ ባልዲው በታጠበ ማግስት ተተኪው ይደርሳል።